የተቆጣው የማን አንጀት ነው?

[ጠዋት ነው። ጡረታ የወጣው የአውቶብስ ሹፌር ከሟች እህቱ ባል ቤት በማለዳ ደርሷል። የእህቱ ባል አናጢ ነው፤ ሁለቱ የተቀመጡበትን ጠረጴዛ የሠራው እሱ ስለሆነ አይወዛወዝም። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ቆማለች። ውስጧ ያለው አይነገርም፤ ግን ሁለቱም ሻያቸውን ከእሷ ራቅ አድርገው ነው ያስቀመጡት። ሹፌሩ በዚህ ዓለም የማያውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት ነገር ደግሞ እስካሁን ደፍሮ የነገረው ሰው የለም።]

ሹፌሩ፦ በነጭ ፌስታል አይኬድም ብያለሁ!

አናጢው፦ ለምን?

ሹፌሩ፦ ያሳያል።

አናጢው፦ ምን ያሳያል?

ሹፌሩ፦ ያለውን ነዋ! አውቶብስ ውስጥ እኮ ነው የምንገባው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ተሳፋሪን በመስታወት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተሳፋሪ መንገድ አያይም፤ የጎረቤቱን ፌስታል ነው የሚያየው።

አናጢው፦ ጥቁሩ ቀዳዳ አለው።

ሹፌሩ፦ ከላይ ነው ከታች?

አናጢው፦ ከታች።

ሹፌሩ፦ [ትንሽ አስቦ] እንግዲያው ጥቁሩን በነጩ ውስጥ እናድርገው።

አናጢው፦ ያኔ ከውጭ የሚታየው ነጩ ነው።

ሹፌሩ፦ ነጩን በጥቁሩ ውስጥ ማለቴ ነው! ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አትጠብቅም? [ጎንበስ ብሎ ብልቃጧን እያየ] ደግሞ ይቺ ምንድን ናት? ይኼው ብቻ?

አናጢው፦ ክዳኗ ሥር ያለችው ማንኪያ አንዴ ከሞላች ይበቃል ብላለች ነርሷ።

ሹፌሩ፦ በትሕትና ነው ያለችው። እንግዳ "በቃኝ" ሲልህ እውነት መስሎህ ታቆማለህ? ሐኪም ቤት ድረስ ሄደህ ይቺን ታህል ስትሰጥ ምን ይሉናል?

አናጢው፦ ምን ይላሉ?

ሹፌሩ፦ ስስታም ቤተሰብ።

አናጢው፦ ጋሼ፣ በዚህ ነገር ስስታም የተባለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሹፌሩ፦ ስላልሰማህ ነው። ለመሆኑ ከዚህ ውስጥ ምን ሊያገኙ ነው?

አናጢው፦ አንድ ፕሮቲን አለ። አንጀት ሲቆጣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ይሮጣሉ። እዚያ ሲረባረቡ የሚጥሉት ነገር ከሰገራ ጋር ይወጣል። እሱን ይለኩታል። ካልፕሮቴክቲን ይባላል።

ሹፌሩ፦ አውቀዋለሁ።

አናጢው፦ ከየት?

ሹፌሩ፦ ሹፌር የማያመላልሰው ነገር አለ? ቀጥል።

አናጢው፦ በቃ፣ ፕሮቲኑ ከበዛ አንጀቴ ተቆጥቷል ማለት ነው። ካነሰ ክሮን የሚሉት የአንጀት በሽታዬ ተኝቷል ማለት ነው። ነርሷ እንዴት አለችኝ መሰለህ፣ ሰፈር ውስጥ ፖሊስ ከበዛ ጠብ አለ ማለት ነው። እነሱ ሰፈሩ ሳይገቡ ዳር ቆመው ፖሊሱን ይቆጥራሉ።

ሹፌሩ፦ ጠብ መኖር አለመኖሩን አንተን ለምን አይጠይቁህም? ሆዱ ያንተ አይደል?

አናጢው፦ ጠይቀውኛል።

ሹፌሩ፦ ምን አልክ?

አናጢው፦ ምንም አይሰማኝም አልኩ።

ሹፌሩ፦ አለቀ! አለቀ እኮ! ሰውነት ራሱ ይናገራል። ሞተር ከመሞቱ በፊት ያንኳኳል። ሳያንኳኳ የቆመብኝ ሞተር የለም።

አናጢው፦ ይሄኛው ሳያንኳኳም ይገባል ብላለች።

ሹፌሩ፦ ደምህን አይተው የለ? ደሙስ ምን አለ?

አናጢው፦ ደሙ ደህና ነው። እሱም ሁልጊዜ አይታመንም አለች። ደም ከሩቅ ሰምቶ ነው የሚያወራው። ይሄ ግን እዚያው ቦታው ላይ አልፎ ነው የሚመጣው።

ሹፌሩ፦ ምስክር ነው በለኛ።

አናጢው፦ የዓይን ምስክር።

ሹፌሩ፦ [ብልቃጧን በአዲስ አክብሮት እያየ] እና ምስክሩ ቢጨክንብህስ?

አናጢው፦ ያኔ ቱቦው አለ። አስተኝተው፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በታች አስገብተው አንጀቴን ያያሉ።

ሹፌሩ፦ አሃ! ሰሞኑን ዳቦ የማይወርድልህ ለዚህ ነው? ቱቦውን ፈርተህ? አንተ ሰውዬ፣ ተኝተህ እኮ ነው! ተኝቶ የተደረገ ነገር እንዳልተደረገ ነው። እኔ ተኝቼ ስንት ነገር ተደርጎብኛል፤ አንዱንም አላውቀው።

አናጢው፦ መተኛቱን አልፈራሁም።

ሹፌሩ፦ ታዲያ?

አናጢው፦ መንቃቱን ነው።

ሹፌሩ፦ እንኳን ይሄን ሰማሁ! ሰው አለመንቃትን ነው የሚፈራው። መንቃት የሚፈራ ዛሬ ገና አየሁ።

አናጢው፦ ባለፈው ስነቃ እህትህ ጫማዬን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ ሰው ለትንሽ ጊዜ ምንም አያስታውስም፤ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ። አሁን ብነቃ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው። ከዚያ ትዝ ይለኛል። [ብልቃጧን በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረጋት] አንዴ ቀብሬያታለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

[ሹፌሩ ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ሳያነሳ በየጠዋቱ እየመጣ ስለ ፌስታልና ስለ ፍሬን የሚከራከረው በምክንያት ነው። ሻዩን አነሳ። ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣው።]

ሹፌሩ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ስማኝ። ቱቦ የሚባል ነገር አይኖርም።

አናጢው፦ እንዴት?

ሹፌሩ፦ [ከኮቱ ኪስ ሰማያዊ ክዳን ያላት ሌላ ብልቃጥ አውጥቶ ከመጀመሪያዋ ጎን ያቆማል] እንዲህ።

አናጢው፦ [ትኩር ብሎ አይቷት] የማን ናት?

ሹፌሩ፦ የኔ። የዛሬ ጠዋት። ትኩስ።

አናጢው፦ ብልቃጧን ከየት አገኘሃት?

ሹፌሩ፦ ብልቃጧን የተቀበልን ቀን ነርሷን "ቢደፋበትስ" ብዬ ትርፍ ተቀብያት ነበር። አርቆ ማሰብ ይባላል።

አናጢው፦ እስከ አፏ ሞልተሃታል።

ሹፌሩ፦ እኛ ዘንድ ቁጠባ የለም። አሁን ልብ ብለህ አድምጠኝ። የመኪና የዓመት ምርመራ ታውቃለህ?

አናጢው፦ ሲወራ እሰማለሁ።

ሹፌሩ፦ ምርመራው ደርሶ ጎማህ አልቆ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?

አናጢው፦ ጎማ እገዛለሁ።

ሹፌሩ፦ ለዚህ ነው አናጢ ሆነህ የቀረኸው። ከጓደኛህ ትዋሳለህ እንጂ! የሱን ደህና ጎማ ገጥመህ ትሄዳለህ፤ መርማሪው በእግሩ መታ መታ ያደርገዋል፤ እሺ ይላል። ተመልሰህ ፈተህ ለባለቤቱ ትሰጣለህ፤ እሱም በተራው ለሌላው። አንድ ደህና ጎማ ስንቱን አውቶብስ ያሳልፋል መሰለህ!

አናጢው፦ ከዚያስ?

ሹፌሩ፦ ከዚያ ምን?

አናጢው፦ ጎማው ከተመለሰ በኋላ አውቶብሱ በምን ይሄዳል?

ሹፌሩ፦ በድሮው ነዋ።

አናጢው፦ ተሳፋሪዎቹስ?

ሹፌሩ፦ ተሳፋሪ ጎማ ምን አገባው! ነገር አታብዛ። የኔ አንጀት ብረት ነው። በየመናኸሪያው ያገኘሁትን እየበላሁ ነው ጡረታ የወጣሁት። እኔ ሆድ ውስጥ ፖሊስ ቢፈልጉ ጣቢያው ራሱ የለም። ስምህን የኔዋ ላይ ትለጥፋለህ፣ ቁጥሩ ያንሳል፣ ክኒንህን እየዋጥክ ትኖራለህ። ቱቦ የለ፣ መተኛት የለ፣ መንቃት የለ።

አናጢው፦ [ቀስ ብሎ] አንድ ደህና ጎማ።

ሹፌሩ፦ ገባህ! ሳይመሽ ገባህ!

አናጢው፦ ኮፍያህን ፈልግና እንሂድ።

[ሹፌሩ ኮፍያውን ፍለጋ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ኮፍያው ራሱ ላይ እንደነበረ እስኪያውቅ ድረስ ጥቂት ቆየ። ሲመለስ አናጢው እጁን ታጥቦ እያደረቀ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብልቃጥ ብቻ፣ ስም ተለጥፎባት፣ በነጭ ፌስታል፣ ከላይም በጥቁር ፌስታል ተጠቅልላ ተቀምጣለች።]

ሹፌሩ፦ ሌላዋስ?

አናጢው፦ ሽንት ቤት ደፋኋት።

ሹፌሩ፦ ጎበዝ። ይቺን ለኔ ስጣት። አንተ ትንጣታለህ።

[አውቶብስ ውስጥ። ሁለቱ ከአውቶብሱ ሹፌር ኋላ ባለው ወንበር ተቀምጠዋል። ጡረተኛው ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው፣ በሁለት እጁ ከቦታል።]

ሹፌሩ፦ ፍሬን አያያዙን አየኸው? ቀስ በል አንተ! ዕቃ ይዘናል!

አናጢው፦ አይሰማህም ጋሼ።

ሹፌሩ፦ ጉድጓዱን እያየ ነው የገባበት። እኔ በዚህ መንገድ ስነዳ ተሳፋሪው እንቅልፍ እየወሰደው ፌርማታው ያልፈው ነበር። አሁን ይሄ መሪ ነው የያዘው ወይስ ወንፊት?

አናጢው፦ ልያዝልህ?

ሹፌሩ፦ ተው! የራስ ነገር የራስ ነው። አንተ የሠራኸውን በር ሌላ ሰው ሲሸከመው ሆድህ አይባባም? [ዝቅ ባለ ድምፅ] ደግሞ አሁንም ሞቅ ያለች ናት።

አናጢው፦ ፀሐዩ ነው።

[አጠገባቸው የቆሙ ሴትዮ ወደ ፌስታሉ ተመለከቱ። ሹፌሩ በኩራት ወደ ደረቱ አስጠጋው።]

ሹፌሩ፦ አላልኩህም? ፌስታል ነው የሚያዩት።

[የሐኪም ቤቱ ናሙና መቀበያ መስኮት። ነርሷ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣለች። ስትጠይቅ ቀና አትልም።]

ነርሷ፦ የዛሬ ጠዋት ነው?

አናጢው፦ አዎ።

ሹፌሩ፦ ትኩስ ነው።

ነርሷ፦ ሰሞኑን የሕመም ማስታገሻ ወስደዋል? አንዳንዱ አንጀት ያስቆጣል፤ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

አናጢው፦ አልወሰድኩም።

ሹፌሩ፦ ወስጃለሁ።

ነርሷ፦ [ቀና ብላ] ታማሚው ማነው?

አናጢው፦ እኔ።

ሹፌሩ፦ እሱ።

ነርሷ፦ እና እርስዎ ምን ወሰዱ?

ሹፌሩ፦ ለጉልበቴ ነው። ደረጃ ከወጣሁ ብቻ።

ነርሷ፦ ጉልበትዎን አልጠየቅኩም።

ሹፌሩ፦ እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል።

ነርሷ፦ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ነበረዎት?

አናጢው፦ የለም።

ሹፌሩ፦ ትናንት ግን ባቄላ በዝቶ ነበር።

ነርሷ፦ አብራችሁ በላችሁ?

ሹፌሩ፦ እኔ ብቻ።

ነርሷ፦ [ለአናጢው] እኚህ ሰው ምንዎ ናቸው?

አናጢው፦ የባለቤቴ ወንድም።

ነርሷ፦ ባለቤትዎስ? ሌላ ጊዜ የሚመልሱልን እሳቸው ነበሩ።

አናጢው፦ አርፋለች።

[ነርሷ ብልቃጧን ከፌስታሎቹ ውስጥ አውጥታ ያዘቻት። ለጥቂት ጊዜ የትም አላስቀመጠቻትም።]

ነርሷ፦ እግዜር ያጽናዎት። ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን።

[ውጤቱ የሚነገርበት ቀን። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። በወዲያኛው ጫፍ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ተኝተዋል። ሹፌሩ ጫማውን አስጠርጎ፣ ኮፍያውን አራግፎ ነው የመጣው። ሊመሰገን የተጠራ ሰው ይመስላል። ነርሷ ከሐኪሙ ክፍል ወጣች።]

ነርሷ፦ ቁጥሩ ከፍ ብሏል።

ሹፌሩ፦ ተመስገ… ምን?

ነርሷ፦ በጣም ከፍ ብሏል። ምንም ባይሰማዎትም አንጀቱ ተቆጥቷል። ሐኪሙ በቱቦ ማየት አለብኝ ብለዋል። መድኃኒቱም ሳይቀየር አይቀርም።

አናጢው፦ እሺ።

ሹፌሩ፦ ስህተት ነው! የሌላ ሰው ተቀላቅሎ ይሆናል።

ነርሷ፦ አልተቀላቀለም። ስማቸው ተለጥፎበታል።

ሹፌሩ፦ ስም ምን ያደርጋል! [ድንገት በርቶለት] የጉልበቱ ክኒን ነው! አንቺው ነሽ የነገርሽን፣ ከፍ ያደርገዋል ብለሽ!

ነርሷ፦ እርስዎ የዋጡት ክኒን እሳቸው አንጀት ውስጥ በየት በኩል ይገባል?

ሹፌሩ፦ ቤተሰብ ነን።

ነርሷ፦ [ለአናጢው] ቀን ልያዝልዎት ነው። ከማደንዘዣ በኋላ ብቻዎን አይለቁዎትም፤ አስታማሚ ያስፈልጋል። እስክመለስ ያስቡበት።

[ሄደች። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ከማለት ወረደ ማለት ይሻላል።]

ሹፌሩ፦ ሰማህ?

አናጢው፦ ሰማሁ።

ሹፌሩ፦ የኔ ነው።

አናጢው፦ ምኑ?

ሹፌሩ፦ ቁጥሩ! እሷ ያንተ መስሏታል፣ እኛ እናውቅ የለ እንዴ! የተቆጣው የኔ አንጀት ነው። ክሮን ይዞኛል።

አናጢው፦ ይሰማሃል?

ሹፌሩ፦ [ሆዱን በግራ በኩል ይዞ] ስትጠይቀኝ ጀመረኝ። እዚህ ጋ። እንደ ቢላ።

አናጢው፦ የኔ የሚያመኝ በቀኝ ነበር።

ሹፌሩ፦ [እጁን አዛውሮ] ወደ ቀኝ እየሄደ ነው።

አናጢው፦ ከመቼ ጀምሮ ይሆን?

ሹፌሩ፦ ከድሮ! አሁን ሳስበው ከድሮ ነው። በረጅሙ መስመር ስሠራ አንድ ቀን መንገድ መሐል አቁሜ ወደ ቁጥቋጦው ሮጫለሁ። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አይቶኛል። ባቄላ ነው ብዬ ነበር። ባቄላን በከንቱ ስወቅሰው ኖርኩ! [ላቡን ጠርጎ] ንገረኝ እስቲ። ምን ይመስላል?

አናጢው፦ ምኑ?

ሹፌሩ፦ በሽታው! መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

አናጢው፦ መጀመሪያ ይደክምሃል። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። አንድ ሚስማር መትተህ ሁለተኛውን ስታነሳ መዶሻው የሌላ ሰው ይመስልሃል።

ሹፌሩ፦ እሺ። ከዚያስ?

አናጢው፦ ከዚያ ከቤት ስትወጣ የምታስበው የምትሄድበትን አይደለም። በመንገድህ ላይ ሽንት ቤት የት የት እንዳለ ነው። ሰው ቤት በር ልገጥም ስሄድ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እነሱ ለመለካት የምዞር ይመስላቸዋል።

ሹፌሩ፦ ቆይ፤ ሠርግ ላይ ሁልጊዜ በር አጠገብ የምትቀመጠው ለዚህ ነው?

አናጢው፦ ለዚህ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ፣ "አማቻችን ከሰው አይቀላቀልም" እያልኩ ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ።

አናጢው፦ ሰምቻለሁ።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

አናጢው፦ አልጠየቅከኝም።

[ሹፌሩ ሆዱን በቀኝ በኩል ጫን አደረገ።]

ሹፌሩ፦ ከዚያስ?

አናጢው፦ ከዚያ ትለምደዋለህ። የሚከፋው እሱ ነው። ስትለምደው አይሰማህም፤ ሳይሰማህ ይቆጣል። እሷ ግን ታውቅ ነበር። ስበላ ታየኛለች፤ የዳቦውን ቅርፊት መተው ስጀምር ነጠላ ጫማዋን ቀይራ "ተነስ፣ ሐኪም ቤት" ትላለች። እኔ ደህና ነኝ እያልኩ እከተላታለሁ። ሲመረምሩኝ እሷ ያለችው ነው። አሁን ቅርፊቴን የሚያይ የለም። ብልቃጥ ነው ያለኝ።

[ሹፌሩ ሆዱን መያዙን ረሳ። ትንሽ ቆይቶ ትዝ አለውና መልሶ ያዘው።]

ሹፌሩ፦ እኔንስ ማን ያየኛል? እኔም ዳቦዬን ብቻዬን ነው የምቆርሰው።

አናጢው፦ አውቃለሁ።

ሹፌሩ፦ [ከተቀመጠበት ተነስቶ] እነግራታለሁ። አሁን ስትመለስ እነግራታለሁ።

አናጢው፦ ምን ብለህ?

ሹፌሩ፦ ጎማው የኔ ነው ብዬ! ቱቦውም የኔ ነው። አንተ በሰው አንጀት ቱቦ አይገባብህም። ምንም አይሰማህም፣ ጤነኛ ነህ፤ ሂድ በርህን ሥራ። እኔ እገባለሁ። [መልሶ ተቀመጠ] ግን…

አናጢው፦ ግን ምን?

ሹፌሩ፦ ሲያስተኙኝ…

አናጢው፦ ተኝቶ የተደረገ ነገር እንዳልተደረገ ነው ብለኸኛል።

ሹፌሩ፦ መተኛቱን መች አልኩህ! [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስነቃ ማን ይኖራል?

[አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እየገፋች በፊታቸው አለፈች፤ ሁለቱም እግራቸውን አነሱላት፤ አስቀመጡ።]

አናጢው፦ እኔ እኖራለሁ።

ሹፌሩ፦ ትመጣለህ?

አናጢው፦ ሳትተኛ እመጣለሁ። ስትነቃም እዚያው ነኝ።

ሹፌሩ፦ ሥራ ቢኖርህስ?

አናጢው፦ በር ይጠብቃል። አንተ ብትሆን አትመጣልኝም ነበር?

ሹፌሩ፦ እኔ? ምን ማለትህ ነው! ወንበሬን ይዤ አልጋህ ሥር ነው የምውለው! በበሩ ቢከለክሉኝ በመስኮት እገባለሁ!

አናጢው፦ እርግጠኛ ነህ?

ሹፌሩ፦ ቀርቼ እንደሆነ የእህቴ አፅም እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!

አናጢው፦ መልካም። እንግዲያው ትመጣለህ። ብልቃጧ የኔ ነበረች።

ሹፌሩ፦ የቷ ብልቃጥ?

አናጢው፦ የሰጠናት። ሽንት ቤት የደፋሁት ያንተን ነው።

[ሹፌሩ ነገሩን ከመጀመሪያው ፌርማታ ጀምሮ በሐሳቡ ነዳው። በየፌርማታው ቆመ።]

ሹፌሩ፦ አውቶብስ ውስጥ… ጭኔ ላይ…

አናጢው፦ የኔን ነው የያዝክልኝ። አመሰግናለሁ።

ሹፌሩ፦ አቅፌያት እኮ ነው!

አናጢው፦ አይቻለሁ። ሴትዮዋም አይተዋል።

ሹፌሩ፦ እና እኔ ክሮን የለብኝም?

አናጢው፦ እንጃ። አልተመረመርክም።

ሹፌሩ፦ [ሆዱን በቀኝ ጫን ጫን አደረገ፤ በግራም ሞከረ] የለም። ለቀቀኝ።

አናጢው፦ ቢላውስ?

ሹፌሩ፦ ቢላ የለም። [በቁጣ] አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዓይንህ እያየ ስሞት ዝም ትላለህ?

አናጢው፦ ስለ ሆዴ ስትጠይቀኝ ዛሬ የመጀመሪያህ ነው። ላቋርጥህ አልፈለግኩም።

ሹፌሩ፦ ጎማውስ? ተስማምተን አልነበረም?

አናጢው፦ ሳስበው፣ በዚያ አውቶብስ የምሳፈረው እኔ ብቻ ነኝ።

[ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ውስጡን አየ። መልሶ አደረገው።]

ሹፌሩ፦ እንግዲህ ቱቦው ያንተ ነው።

አናጢው፦ የኔ ነው።

ሹፌሩ፦ መንቃቱም።

አናጢው፦ መንቃቱም።

ሹፌሩ፦ እኔ እሷን አልሆንም እኮ። ዓይንህን ስትገልጥ እሷን ፈልገህ ይሄን ፊት ስታገኝ… ይሄ ፊት ለዚያ የሚሆን ፊት አይደለም።

አናጢው፦ ፊትህን መች ፈለግኩ። ወሬህን ነው የምፈልገው። ሳልተኛ አንድ ነገር ጀምር፤ ስለ ጎማም ይሁን ስለ ፌስታል። ስነቃ ሳትጨርስ አገኝሃለሁ። እንዳልተኛሁ እቆጥረዋለሁ።

[ሹፌሩ ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ሞከረ። አላወቀም። አለማወቁን ለማንም አልተናገረም፤ ዓይኑን ግን በመዳፉ ጠረገ። ነርሷ ተመለሰች።]

ነርሷ፦ ቀን ይዤልዎታለሁ። አስታማሚ አገኙ?

ሹፌሩ፦ እኔ ነኝ።

ነርሷ፦ [ፊቱን አስተውላ] እርስዎ ደግሞ መልክዎ ልክ አይደለም። አሞዎታል እንዴ?

ሹፌሩ፦ ክሮን ይዞኝ ነበር። አሁን ድኛለሁ።

ነርሷ፦ ክሮን እንዲህ ቆሞ አይዳንም።

ሹፌሩ፦ የኔው ክሮን የሰው ነበር።

ነርሷ፦ [ለአናጢው] እኚህን ነው ይዘው የሚመጡት?

አናጢው፦ እሳቸውን ነው።

ነርሷ፦ እንግዲያው ከአሁኑ ልንገራችሁ። ታማሚዎች የሚነቁበት ክፍል ውስጥ ማውራት ክልክል ነው።

አናጢው፦ እንግዲያው አልተኛም።

[ነርሷ አናጢውን አየችው። እሱ "እሺ" ሲል እንጂ "እምቢ" ሲል ሰምታ አታውቅም። ሹፌሩን አየችው። ከዚያ ሁለቱ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች አየች፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተዋል። የሐኪሙን በር ዞር ብላ ተመለከተችና ድምፅዋን ቀነሰች።]

ነርሷ፦ ቀስ ብላችሁ ከሆነ… ቀስ ብላችሁ፣ እኔ አልሰማሁም።

ሹፌሩ፦ [ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ] ቀስ ብሎ ማውራት አውቅበታለሁ!

[በወዲያኛው ጫፍ ተኝተው የነበሩት ሽማግሌ ብንን ብለው ነቁ።]